አንድ ሲደመር አምስት

አሶሳ ነው ያደግነው ስንል አዲስ አበባ ያለ ሰው የሚጠይቀን ሦስት ነገር ነው፤ ስለ ማንጎ፣ ስለ ወርቅ እና ስለ ሕዳሴው ግድብ። ማንጎው እውነት ነው፤ ወቅቱ ሲደርስ ከዛፍ ሥር የወደቀውን ለቅሞ የሚጨርስ አይገኝም። ወርቁ የሌላ ሰው ኪስ ይገባል እንጂ እኛ ቤት መጥቶ አያውቅም። ግድቡም የክልላችን ቢሆን ያለው መተከል ዞን፣ ጉባ ነው፤ እኛም እንደ እናንተው በቴሌቪዥን ነው ያየነው። ስለ መረብ ኳስ የጠየቀን ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመንም። ስለዚህ ሳንጠየቅ እንናገራለን።

አንድ ነገር አስቀድመን እንናዘዝ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እኛ» ስንል አምስት ሴት ልጆች ማለታችን ነው። ስድስት መሆን ነበረብን። የጽሑፉም ጉዳይ ይኸው ነው።

2007 ዓ.ም. ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል። ክፍላችን ውስጥ ስድሳ ተማሪ አለ። ከስድሳው ገሚሱ የበርታ ልጆች ናቸው። ሌሎቹ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው፤ መንደሮቻቸው እስከ ዛሬ በቁጥር ይጠራሉ። ኦሮሞ አለ፣ ሽናሻ አለ፣ ማኦ አለ፣ አባቱ በሥራ ዝውውር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅም አለ። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ሁላችንም እንግባባበታለን ይባላል። ቤቱ ሲገባ ግን ሁሉም የየራሱን ነው የሚያወራው።

የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነበር። ስም ለመጥራት፣ ሜዳ ለመድረስና ሰውነት ለማሟሟቅ አስር ደቂቃ ቀንሱለት። ሠላሳ ደቂቃ ቀረ። ያለችው ደህና ኳስ አንዲት ናት። ሠላሳ ደቂቃ ለስድሳ ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ይደርሰዋል። ተሰልፈን እንቆማለን፤ ተራችን ሲደርስ መምህሩ ይወረውርልናል፤ እንመታለን፤ ኳሷ ወደ ማንጎዎቹ ትሄዳለች፤ እኛም ወደ ሰልፉ ጭራ እንመለሳለን። ሜዳው ቀይ አፈር ነው። ቋሚዎቹ ሁለት ቀርከሃ ናቸው፤ አገራችን ቀርከሃ አይቸግረውም። መረቡ ደግሞ ገመድ ነው።

እውነቱን ለመናገር ያቺን ግማሽ ደቂቃም አንፈልጋትም ነበር። ወንዶቹ እያዩን ኳስ ከምንስት ተራችንን ለእነሱ ትተን ከማንጎው ሥር ጃኬት እንጠብቃለን። ሰልፉ እንደሆነ ማን እንደጎደለ አያውቅም። በዓመቱ መጨረሻ «መረብ ኳስ ተምረናል» ብለን ለፈተና የሜዳውን ርዝመትና ስፋት ሸመደድን፤ 18 ሜትር በ9 ሜትር። ይህን ዛሬም አንረሳውም። ኳስ መቀበልን ግን አንድ መስመር የሸመደደ ሰው አይችለውም።

ፈርሚ ብቻ

በዚያ ዘመን ተማሪ የነበረ ሁሉ አንድ ለአምስትን ያውቃል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ከገበሬው መንደር እስከ መሥሪያ ቤቱ የተዘረጋው የ«ልማት ሠራዊት» አደረጃጀት ትምህርት ቤትም ገብቶ ነበር። አንድ ጎበዝ የተባለ ተማሪ መሪ ይሆናል፤ አምስት ሌሎች ከሥሩ ይደለደላሉ። በሳምንት እየተሰበሰቡ ይጠናናሉ፣ ይገማገማሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይጽፋሉ። በክፍላችን ግድግዳ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ካርቶን ተለጥፎ ነበር። አንበሳ ሲታሰር አላየንም። ቃለ ጉባኤ ሲጻፍ ግን ብዙ አይተናል።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ክፉ አልነበረም። ጎበዙ ደካማውን ይዞ ይነሳ ነው የሚለው። ሥራ ላይ ሲውል ግን መሪዋ ትሠራለች፣ የቀሩት ይፈርማሉ። መሪዋ ከእኛ አንዷ ነበረች፤ እጅ ጽሑፏም ያምር ነበር። እኛ አምስታችን የአንድ ሰፈር ልጆች ስለነበርን ሥራውን ቤት ለቤት እየተዟዟርን እንጨርሰዋለን። ስድስተኛዋ ከከተማ ወጣ ካለ ቀበሌ በእግሯ የምትመጣ የበርታ ልጅ ነበረች። አማርኛዋ የሚቆራረጥ፣ ስትናገር አንድ ቃል ፈልጋ እስክታገኝ ዓይኗን መሬት ላይ የምትተክል። እኛ ደግሞ እስክታገኘው የምንጠብቅ ልጆች አልነበርንም።

አንድ ቀን ለባዮሎጂ የቡድን ሥራ የቅጠል ሥዕል ሠርታ አመጣች። ወረቀቱን ዘርግታ ልታሳየን ስትል «ተይው፣ እኛ ጨርሰነዋል፤ አንቺ ፈርሚ ብቻ» አልናት። አጥፋ ደብተሯ ውስጥ አስገባችውና ፈረመች። ከአስር ዘጠኝ አገኘን። የጎደለችው አንዷ ነጥብ የሥዕሉ ነበረች።

ግማሽ ገጽ ወረቀት

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አዲስ የስፖርት መምህር መጣ። ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቱ ነበር፤ ከአንዳንዶቻችን ወንድሞች በዕድሜ አይበልጥም። ሁለት ሳምንት ሰልፋችንን ሲመለከት ቆየ። በሦስተኛው ሳምንት በእጁ የጻፋቸው ስድስት ዓይነት ወረቀቶች ይዞ ሜዳ ላይ ቆመ።

«አንድ ለአምስት ስንት ሰው ነው?» አለን።

«ስድስት!» አልን በአንድ ድምፅ። ሰልችቶን ነበር።

«የመረብ ኳስ ቡድን ሜዳ ውስጥ ስንት ሰው ነው?»

ዝም አልን።

«ስድስት ነው። በሉ በየቡድናችሁ ሁኑ።»

አደረጃጀቱን ሳይነካ ሥራውን ለወጠው ማለት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ቡድን ስድስት ግማሽ ገጽ ወረቀት ሰጠ፤ ለአንድ ሰው አንድ። አንዷ ላይ አቋቋምና አረማመድ፣ አንዷ ላይ በክንድ መቀበል፣ አንዷ ላይ በጣት ማቀበል፣ አንዷ ላይ ሰርቭ፣ አንዷ ላይ ዘሎ መምታት፣ አንዷ ላይ ደግሞ የቦታ ቅያሬ ተጽፎ ነበር። ከዚያ ቡድናችንን በተነው። ሰርቭ የደረሳቸው ከአስሩም ቡድን ተውጣጥተው አንድ ጥግ፣ መቀበል የደረሳቸው ሌላ ጥግ። እዚያ መምህሩ እየተዘዋወረ ያስተምራቸዋል። ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ያንኑ አንድ ነገር ይለማመዳሉ። በሦስተኛው ወደየቡድናቸው ተመልሰው ላልተማሩት አምስቱ ያስተምራሉ።

«ኳስስ?» ትሉ ይሆናል። እኛም ብለን ነበር። አቋቋምና ቦታ ቅያሬ ኳስ አይፈልጉም። አንዷ ደህና ኳስ ለሰርቭ ሄደች። ለመቀበል ግማሽ አየር የቀራቸው ሁለት አሮጌ የእግር ኳሶች ወጡ፤ የላላ ኳስ ክንድ ስለማያሳምም ለጀማሪ ይሻላል። ማቀበልና መምታት የደረሳቸው ከካልሲና ከጨርቅ በተሠራ ኳስ የእጅና የእግር አቀማመጥ ተለማመዱ። የጨርቅ ኳስ አይነጥርም፤ ነገር ግን ከኳሱ ሥር ሮጦ መድረስን ያስተምራል። በመረብ ኳስ ግማሹ ሙያ እሱ ነው። ስድሳ ሰው በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው ያን ቀን ነው።

ሰርቭ የደረሳት ስድስተኛዋ ናት። እኛ ተንጫጫን። መሪያችን ቦታ ቅያሬ ደርሷት ነበርና መለዋወጥ ፈለገች። «ቲቸር፣ እሷ እኮ አማርኛ በደንብ አትችልም። እንዴት አድርጋ ታስረዳናለች?» አልነው፣ እሷ እዚያው ቆማ እየሰማች።

«ሰርቭ በአማርኛ አይመታም» ብሎን ወደ ሌላው ቡድን ሄደ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መጥታ ፊታችን ቆመች። ብዙ አልተናገረችም። የግራ እግሯን አስቀደመች፣ ኳሷን በግራ እጇ ከወገቧ ዝቅ አድርጋ ያዘች፣ ቀኝ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ ከታች ወደ ላይ መታቻት። ኳሷ ገመዱን አልፋ ሜዳው መሐል ወደቀች። ደገመችው። ሠለሰችው። ከዚያ እኛን ማስመታት ጀመረች። የመጀመሪያዋ ስትስት ተንበርክካ እግሯን በሁለት እጇ ይዛ ወደፊት ጎተተችላትና «እጅ አይደለም፤ እግር» አለች። እውነቷን ነበር። ሁላችንም ጉልበቱ ከክንድ የሚመጣ ይመስለን ነበር። እግሩ ቦታውን ሲይዝ ኳሷ ቀና ብላ ሄደች። ሰባት ወር አብረናት ስንማር ከእሷ አፍ የሰማነው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው።

የውጤት አሰጣጡም ሌላ ነበር። ቡድኑ ክብ ሠርቶ ኳሷን መሬት ሳያስነካ ይቀባበላል፤ ስድስቱም ካልነኩ አንድ ዙር አይቆጠርም። ኳሷ ከወደቀች ቆጠራው ከዜሮ ይጀመራል። የሚመዘነው ከሌላ ቡድን ጋር ሳይሆን ካለፈው ሳምንት የራሳችን ቁጥር ጋር ነው። የመጀመሪያ ቀን ሦስት ቅብብል ላይ ወደቀች። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሃያ አራት አደረስናት። መሐል ላይ አንድ ነገር ተፈጠረ፤ እሷ በበርታኛ እየቆጠረች ስለነበር እኛም እስከ አስር በበርታኛ መቁጠር ለመድን። ቃላቱን ማንም አላስጠናንም።

ነገሩ ስም አለው

ይህ ዘዴ ስም እንዳለው ያወቅነው ዘግይተን ነው። ከእኛ አንዷ ጋዜጠኝነት ልታጠና ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ስለ ትምህርት ዘዴዎች የሚያወራ መጽሐፍ እጇ ገባ፤ ይህን የምትጽፈውም እሷ ናት። በ1971 (በፈረንጆች) በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ ጥቁር፣ ነጭና የስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች ተለያይተው መማራቸው ቀርቶ አንድ ክፍል ሲገቡ ክፍሎቹ የጠብ ሜዳ ሆኑ። ኤሊየት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ከተማሪዎቹ ጋር ሄዶ ሲመለከት ልጆቹ እጅ ለማውጣት እየተሽቀዳደሙ አንዱ የሌላውን ስህተት ሲጠብቅ አገኘ። ትምህርቱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ሰጠ። ሌላው ጋ ያለውን ለማወቅ ሌላውን ማዳመጥ ግድ ሆነ። ቋንቋ የሚያስቸግረውን ልጅ ሲያሾፉበት የነበሩት ልጆች፣ እሱ ጋ ያለው ቁራጭ ለፈተና ስለሚያስፈልጋቸው፣ ረጋ ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ይህን ስናነብ አፈርን። የኦስቲን ልጆች እኛው ነበርን።

በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዴቪድና ሮጀር ጆንሰን የተባሉ ወንድማማቾች ደግሞ በትብብር መማርን ከተራ የቡድን ሥራ የሚለዩ ነገሮችን ዘርዝረዋል። ሁለቱን ብቻ እናንሳ። አንደኛው፣ የአንዱ መሳካት ያለሌላው መሳካት የማይሆን መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ በግሉ መጠየቅ አለበት። አንድ ለአምስታችን ሁለቱም አልነበሩትም። መሪዋ ያለ እኛ ትጨርሰዋለች፤ እኛም ሳንሠራ እንፈርማለን። ስድስት ሰው ተቀምጦ አንድ ሰው ይሠራል።

መረብ ኳስ ለዚህ የተመቸው ሕጉ ራሱ ስለሚያስገድድ ነው። በእግር ኳስ አንድ ጎበዝ አምስት ሰው አጥፎ ይሄዳል፤ እናጨበጭባለን። በመረብ ኳስ ኳሷን ይዞ መቆየት ክልክል ነው። አንድ ሰው በተከታታይ ሁለት ጊዜ መንካትም ክልክል ነው። ቡድኑ ያለው ሦስት ንክኪ ነው፤ ይህ ሕግ ከ1920 (በፈረንጆች) ጀምሮ የኖረ ነው። የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ ተቀብላችሁ፣ ለራሳችሁ አቀብላችሁ፣ ራሳችሁ መምታት አትችሉም። መሐል ላይ ሌላ ሰው የግድ ነው። በቦታ ቅያሬ ደግሞ ስድስቱም በየተራ ሰርቭ ላይ ይቆማሉ፤ ደካማዋን ሁልጊዜ ጥግ ማስቀመጥ አይቻልም። መሪያችን ያኮረፈችበት ወረቀት ላይ የተጻፈው ይህ ነበር።

ጨዋታውን በ1895 (በፈረንጆች) የፈጠረው ዊሊያም ሞርጋን ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ሆልዮክ በተባለች ከተማ፣ እኛ ወወክማ እያልን በምንጠራው ማኅበር የስፖርት ኃላፊ ነበር። ቅርጫት ኳስ ለከበዳቸው ጎልማሶች መገፋፋት የሌለበት ጨዋታ ፈልጎ ነው በመሐል መረብ የዘረጋው። ኦሎምፒክ የገባው በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ነው፤ ወንዶችም ሴቶችም። እዚያው ቶኪዮ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። እኛ አገር ከቶኪዮ የሚታወሰው እሱ ነው፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ልጅ ሆነን የተሰጠን የጀግና ሥዕል ሁሉ ቀድሞ የሮጠ አንድ ሰው ነው። ለሌላ ሰው አመቻችቶ ስለሚያቀብል ሰው የተነገረን ታሪክ ትዝ አይለንም።

ያልተሳካው

አሁን ደግሞ እንዳታሞኙን፤ ሁሉም ቡድን እንደኛ አልሆነም። በአንዱ የወንዶች ቡድን አንድ ልጅ የሁሉንም ወረቀት ሰብስቦ ኪሱ ከተተ፤ የቀሩት ሲጨቃጨቁ ከረሙ። መቀበል የደረሳት አንዲት ልጅ ሳትለማመድ ቀርታ ለቡድኗ ያስተማረችው የተሳሳተውን ነው፤ ክንድ እያወዛወዙ ኳስ ሰፈር ውስጥ ሲሰዱ ከረሙ። ደህናዋ ኳስ በስድስተኛው ሳምንት እሾህ ላይ ወድቃ ተነፈሰች፤ ሌላ እስኪገዛ ወር ፈጀ። ቀሚስ ለብሳ የምትመጣ ብዙ ልጅ ነበረች፤ ከቀሚስ ሥር ሱሪ መልበስ ነገሩን እስኪያቃልለው ሁለት ሳምንት ባከነ። ጫጫታውም ለጉድ ነበር፤ በአጠገባችን ክፍል የሚያስተምሩ መምህር ሁለት ጊዜ ወጥተው ተቆጡ። የዓመቱ ፈተና ደግሞ ያው የሜዳው ርዝመትና ስፋት ነበር።

በባዮሎጂውም ቢሆን ወዲያው አልተሻሻልንም። ሜዳ ላይ «እሰይ!» ያልናትን ልጅ ክፍል ስንገባ ረሳናት። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለት አለፈ። በመጨረሻ የአጥንት ሥዕል ሲታዘዝ መሪያችን ደብተሩን ወደ እሷ ገፋችው። ምንም አልተባባልንም። ይቅርታ አልጠየቅናትም። ዛሬ የሚያሳፍረን ከ«ፈርሚ ብቻ»ው ይልቅ ይህ ዝምታችን ነው።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. አሶሳ ውስጥ ግጭት ተነስቶ ሰዎች ሞቱ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። በከተማው ውስጥ «እኛ» እና «እነሱ» የሚሉ ቃላት ትርጉማቸው በአንድ ሌሊት ጠበበ። በሮች ተዘጉ። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ከካማሺ ዞን ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ መተከል ደግሞ ለዓመታት ደም ፈሰሰባት። መረብ ኳስ ይህን ያስቆማል ብለን አንዋሽም። በቡድን ኳስ የተቀባበለ ሰው አይጣላም ብለንም አናምንም። የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሰኔው በሁለተኛው ቀን፣ ቤታችን ተዘግተን ሳለን፣ ከማናውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ። ስድስተኛዋ ናት፤ የአጎቷን ስልክ ይዛ። የአንዳችንን ስም ጠርታ «ደህና ናት?» አለች። ቀጥላ የሁለተኛዋን። የአምስታችንንም በየተራ ጠየቀች፤ ልክ በቦታ ቅያሬያችን ቅደም ተከተል። ሁሉም ደህና ናቸው አልናት። ስለ እሷ መጠየቃችን ትዝ ያለን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። መልሰን ደወልን። ደህና ነበረች።

ዛሬ አንድ ለአምስት ቀርቷል፤ ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ካርቶኑም ከየግድግዳው ወርዷል። አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ወጥቷል። የታናናሾቻችንን ሜዳ ስናይ ግን ሰልፉ እንዳለ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳኑ ጦርነት የሸሸ ብዙ ሰው በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ አካባቢ ገብቷል። ሸርቆሌ፣ ባምባሲና ጾሬ ከቀድሞም ስደተኛ ያስተናግዱ ነበር፤ ኡራ የሚባል አዲስ መጠለያም ተጨምሯል። ዛሬ አሶሳ ዙሪያ ኳስ የሚያባርር ልጅ ቋንቋው ከእኛ ዘመን ይልቅ የተለያየ ነው። ግማሽ ደቂቃ ሰጥቶ ከሰልፍ ጭራ ማቆም ለእነዚህ ልጆች ምን ይጠቅማቸዋል?

ስለዚህ የስፖርት መምህራን ሆይ፣ ልመናችን ትንሽ ነው። ሁለት ቀርከሃ፣ አንድ ገመድ፣ አንዲት ኳስ፣ ስድስት ግማሽ ገጽ ወረቀት። ወረቀቶቹን ስታድሉ ትልቁን ሥራ ለጎበዟ አትስጡ። ጥግ ላይ ላለችው ስጡ፤ ከዚያ ዞር በሉና ያስተምሩ ዘንድ ተዉአቸው። ጫጫታውን ቻሉት።

እሷ ዛሬ መምህር ናት፤ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት በስልክ አነበብንላት። የቅጠሉ ሥዕል ጋ ስንደርስ ሳቀች። «እሱ ሥዕል አሁንም አለኝ» አለችን። እኛ አልሳቅንም።

እናንተስ? በተማሪነታችሁ «ፈርሚ ብቻ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ የፈረማችሁት እናንተ ነበራችሁ?